ደንገጡሯ ፔኩዋ እና ስማቸው ያልተጻፈ የአዋሽ መንገደኞች

ዛሬ ስለ አንዲት ሴት እናወጋለን። ሴትዮዋ በሥጋ የኖረች አይደለችም፤ ዕድሜዋ ግን ከ260 ዓመት ይበልጣል። ኢትዮጵያዊት ናት፤ ይሁንና የፈጠራት ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ ነው፤ ለንደን ላይ ተቀምጦ። ስሟ ፔኩዋ ይባላል። ሥራዋ የንጉሥ ልጅ ደንገጡር መሆን ነው።

«ራሴላስን ሰምተናል፣ ፔኩዋ ደግሞ ማን ናት?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው ልብ ወለድ የሚጠራው በልዑሉ በራሴላስ ስም ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታልና ስሙ ለእኛም ሰው እንግዳ አይደለም። ስለ መጽሐፉ ሲወራ ልዑሉ ይነሳል፣ አስተማሪው ኢምላክ ይነሳል፣ የልዑሉ እኅት ነቃያ ትነሳለች። ደንገጡሯ ግን ከኋላ ትቀራለች፤ ደንገጡር ድሮስ ቦታዋ ከኋላ አይደል!

እኛ ግን መጽሐፉን ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ ሆነን ስናነበው ዓይናችን ያረፈው በእሷ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንደርስበታለን። አስቀድመን ግን መጽሐፉ ከየት እንደመጣ እንይ፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ሥር የሚጀምረው ለንደን ሳይሆን እዚሁ አፋር ምድር ላይ ነው።

የመጽሐፉ መንገድ በአፋር ያልፋል

እ.ኤ.አ. በ1625 ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለ ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ፣ ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝና ከጓደኞቹ ጋር በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በበይሉል ወደብ ወረደ። ዘመኑ የዐፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ነበርና ቄሶቹ ወደ ደጋው ለመግባት ተጣድፈዋል። በምጽዋ በኩል የቱርክ ሹማምንት ስላሉ አማራጩ በደንከል በረሃ ማቋረጥ ሆነ። ሙቀቱን፣ የውኃውን ጥም፣ የጨውን ሜዳ አልፈው አድዋ አጠገብ ካለችው ፍሬሞና ደረሱ።

ሎቦ በመንገዱ ላይ የአፋሮቹን ንጉሥ አግኝቶ ነበር። የንጉሡን ማረፊያ ሲገልጽ አንድ የሚገርም ነገር ይናገራል፤ ንጉሡ እንግዳ በሚቀበልበት ጎጆ ውስጥ በአንድ ወገን መቀመጫው፣ በሌላው ወገን ደግሞ ፈረሱ ከነኮርቻው ቆሟል። ጌታና ፈረሱ በአንድ ጣሪያ ሥር! ሎቦ ይህን ያነሣው የአገሩ ንጉሥ ከተራው ሰው የተለየ ድሎት እንደሌለው ለማሳየት ነው።

ሎቦ ኢትዮጵያ ውስጥ 9 ዓመት ያህል ቆየ። ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲለቁና አገሪቱ ወደ ቀደመ ሃይማኖቷ ስትመለስ ካቶሊኮቹ ተባረሩ፤ ሎቦም እ.ኤ.አ. በ1634 ወጣ። የጻፈው ማስታወሻ ከብዙ ዘመን በኋላ በአባ ሌግራንድ ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጎመ። ይህን ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ደግሞ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣት ነው። ወጣቱ ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። ስንፍናው ሲጫነው አልጋው ላይ ተጋድሞ ቃል በቃል እየተናገረ ጓደኛው ይጽፍለት ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1735 የታተመው ይህ ትርጉም የጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲሆን የተከፈለው 5 ጊኒ ነው።

ከ24 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1759፣ ጆንሰን እናቱ በጠና ታመው ሞቱበት። ገንዘብ አልነበረውም። የቀብሩን ወጪና የእናቱን ትንንሽ ዕዳዎች ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ታሪክ ጻፈ። ያን ጊዜ ወደ አእምሮው የመጣው አገር በወጣትነቱ የተረጎመው አገር ነው፤ ራሴላስ እንዲህ ተወለደ። የልዑሉ ስም ከሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጣ ነው፤ በሎቦ መጽሐፍ «ራስ» እና «ሥዕለ» ተጣብቀው ተጽፈዋልና። የኢምላክን ስም ደግሞ ከይኩኖ አምላክ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ነጋሢዎች የሚዘጉበት የተራራ ወግም ከእኛው ከአምባ ግሸን ታሪክ የተቀዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከአፋር በረሃ ተነሥቶ እስከ ለንደን የደረሰው ስም የራስ ስምና የንጉሥ ስም ነው። ለሎቦ ግመል የጫኑለት፣ ውኃ ያለበትን ያሳዩት፣ ከአንዱ ጎሣ ወደ ሌላው ያሻገሩት ሰዎች ሥራቸው በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ስማቸው ግን ወደ ልብ ወለዱ አልገባም። የማያውቁትን በረሃ የሚያውቅ ሰው ባይመራቸው ኖሮ ሎቦ ፍሬሞና አይደርስም፤ ሎቦ ባይደርስ ጆንሰን የሚተረጉመው አያገኝም። ታዲያ ራሴላስ የማን ውለታ ነው?

ደንገጡሯ ምን ሆነች?

አሁን ወደ ፔኩዋ እንመለስ። ታሪኩን ላላነበባችሁ ባጭሩ እንንገራችሁ።

ልዑል ራሴላስ በአማራ ምድር በሚገኝ በተዘጋ የደስታ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። ሁሉ ነገር ሞልቶለታል፤ ነገር ግን ሰልችቶታል። ከኢምላክ ጋር ተራራ ፈልፍሎ ሲወጣ እኅቱ ነቃያ ትከተለዋለች፤ ነቃያ ደግሞ የምትወዳትን ደንገጡሯን ፔኩዋን ታስከትላለች። ሲወጡ ዓላማቸው አንድ ነው፤ በዓለም ላይ ካለው ኑሮ የትኛው እንደሚሻል አይቶ መምረጥ። ካይሮ ይወርዳሉ። ከባለጠጋው ይጠይቃሉ፣ ከፈላስፋው ይጠይቃሉ፣ ከባሕታዊው ይጠይቃሉ፤ ሁሉም የየራሱ ጉድለት አለበት።

ከዚያ አንድ ቀን ፒራሚድ ለማየት ይሄዳሉ። ፔኩዋ በሩ ላይ ስትደርስ ተንቀጠቀጠች። የሙታን መንፈስ እንዳይዛት ፈራች። ነቃያም አልጨከነችባትም፤ «እዚሁ ድንኳኑ ውስጥ ጠብቂን» ብላ ትታት ገባች። ሲወጡ ፔኩዋ የለችም። የዐረብ ፈረሰኞች መጥተው እሷንና ሁለት አገልጋዮቿን ወስደዋቸዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኛን የያዘን። ነቃያ ትጸጸታለች፣ ታለቅሳለች፣ ዓለምን ልተው ትላለች። ቀን ሲጨመር ግን ኀዘኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልዕልቲቱም መርሳት መጀመሯን ስታውቅ በራሷ ታፍራለች። ከወራት በኋላ መልእክት ይመጣል፤ ፔኩዋ በአንድ የዐረብ አለቃ እጅ ናት፤ እሷንና ሁለቱን አገልጋዮቿን በ200 ወቄት ወርቅ እመልሳለሁ ይላል። ርክክቡ የሆነው በላይኛው ግብፅ በረሃ በአባ እንጦንስ ገዳም ነው። ወርቁ ተቆጥሮ ተሰጠ፣ ፔኩዋም ተመለሰች።

ስትመለስ ግን የሄደችው ፔኩዋ አይደለችም። በምርኮዋ ወራት የዐረቡ አለቃ የከዋክብትን ነገር አስተምሯታል፤ ተጓዥ ሆኖ በርካታ ሥፍራ ያየ ሰው ነውና ጨዋታውም ጠቅሟታል። በቤቱ ያሉት ሴቶች ግን ከሰው ጋር ሳይገናኙ ተዘግተው የሚኖሩ ስለሆኑ ምንም የሚያወጉት እንደሌላቸው አይታለች። ነቃያና ራሴላስ ስለ ሕይወት ሲጠይቁ ከረሙ፤ ሕይወት የደረሰባት ግን ደንገጡሯ ናት። ቆየት ብሎም ፀሐይና ዝናብ የማዝ እኔ ነኝ ብሎ አእምሮው የተናወጠ አንድ የከዋክብት ተመራማሪ ቤት በር የከፈተላቸው የእሷ የከዋክብት እውቀት ነው። መንፈስ ፈርታ ፒራሚድ ያልገባችው ሴት፣ ለመኳንንቱ መግቢያ ሆነቻቸው።

በመጽሐፉ መጨረሻ ሁሉም ምኞቱን ይናገራል። ነቃያ የሴቶች ትምህርት ቤት ማቋቋም ትፈልጋለች። ራሴላስ ትንሽ መንግሥት ይመኛል። ፔኩዋ ደግሞ በአባ እንጦንስ ገዳም ዓይነት ቦታ እመ ምኔት ሆና ደናግልን መምራት። የትኛውም አይፈጸምም፤ የአባይ ሙላት ሲጎድል ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይስማማሉ። እኛ የምንለው፣ የምኞቱ ከንቱነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከሦስቱ ውስጥ ከወጣችበት ደረጃ ከፍ ብላ የተመለሰችው ደንገጡሯ ብቻ ናት።

የቀሚሱ ጥልፍ

ነገር ግን ሁሉን በደስታ እንዳንዘጋው አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ፔኩዋ ለምን ተከበረች? ለምን አልተሸጠችም? ለምን አልተደበደበችም?

ታሪኩ ራሱ ይነግረናል። የዐረቡ ሴቶች ልብሷን ሲያወልቁላት የቀሚሷ ጥልፍ አስደነቃቸው። አንዷ እጇን በፍርሃት ጥልፉ ላይ አሳረፈችና ሮጣ ወጥታ ከእሷ ከፍ ያለችዋን ጠራች። ከዚያ አለቃው መጥቶ «ልዕልት በድንኳኔ እንዳለች ሴቶቼ ነገሩኝ» የሚል ዓይነት ንግግር ያደርጋል። ፔኩዋ እውነቱን ተናገረች፤ ልዕልት አይደለሁም አለችው። እሱ ግን ልብሷና የአገልጋዮቿ ልብስ ባለጠጋ መሆኗን እንደሚመሰክሩ ነገራት። ያተረፋት ሰው መሆኗ አይደለም፤ የእመቤቷ ሀብት ያለበሳት ጥልፍ ነው።

ሁለቱ አገልጋዮቿስ? በመጽሐፉ ሁሉ ስም የላቸውም። በ200 ወቄቱ ውስጥ ተጨምረው ተመለሱ፤ እንደ ዕቃ ምራቂ ማለት ነው። ደንገጡሯ ስትያዝ ልዕልት አለቀሰች፣ ልዑል ገንዘብ አወጣ፤ የደንገጡሯ አገልጋዮች ሲያዙ ግን ማን እንዳለቀሰላቸው መጽሐፉ አያወሳም። ከትንሽ በታች ሌላ ትንሽ አለ። ስም የሚያገኘው ለአንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደረጃ «ሁለት አገልጋዮች» ተብሎ ይታለፋል።

ጆንሰን ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በቤቱ ፍራንሲስ ባርበር የሚባል ጥቁር አገልጋይ ነበረው። ባርበር ጃማይካ ውስጥ በባርነት የተወለደ ልጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1752 ነው ወደ ጆንሰን ቤት የገባው። እ.ኤ.አ. በ1758 ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ የባሕር ኃይል መርከበኛ ሆነ። እንግዲህ በጥር 1759 ጆንሰን የጠፋችውን ደንገጡር ታሪክ ሲጽፍ የገዛ አገልጋዩ በባሕር ላይ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ጆንሰን ልጁን ለማስለቀቅ ወዳጆቹን አማላጅ ይልክ ነበር፤ ባርበር እ.ኤ.አ. በ1760 ተሰናብቶ ተመለሰ። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1784 ሲሞት ዋና ወራሹ ያደረገው ይህንኑ ባርበርን ነው። ወዳጆቹ አንዳንዶቹ ተቆጥተዋል፤ ለአገልጋይ ይህ ሁሉ? ብለው።

ጆንሰን ባርበርን ለማስመለስ ሲለፋ፣ ባርበር ራሱ መመለስ ይፈልግ እንደነበረ የጠየቀ አለ ወይ? ባርበር መርከቡን ወድዶት እንደነበር ይነገራል። ይህችን ትንሽ ነገር ያዙልን። መልካም ጌታም ቢሆን ስለ አገልጋዩ ሲወስን አገልጋዩን መጠየቅ ይረሳል።

ከአዋሽ ጣቢያ የተነሡ

ወደ እኛው መንገድ እንምጣ። ከሎቦ 300 ዓመት ያህል በኋላ የአፋር በረሃ እንደገና የመጽሐፍ ርዕስ ሆነ። በዚህ ጊዜ መነሻው በይሉል ሳይሆን የባቡር ከተማችን አዋሽ ናት። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አዋሽ ጣቢያ የተጓዦች መሰባሰቢያ ሆናለች።

እ.ኤ.አ. በ1928 ኔስቢት የተባለ መሐንዲስ፣ ፓስቶሪና ሮዚና ከሚባሉ ሁለት ጣሊያኖች ጋር ከአዋሽ ተነሥቶ አፋርን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋረጠ። ሦስቱም አውሮፓውያን በሕይወት ወጡ። ሦስት አገልጋዮቻቸው ግን በመንገድ ተገደሉ። ስለዚያ ጉዞ የሚጽፉ ሰዎች «ሦስት አገልጋዮች ሞተውባቸው» ይሉና ወደሚቀጥለው አንቀጽ ያልፋሉ። የኔስቢት መጽሐፍ የአሜሪካ እትም አፋርን የፍጥረት ሁሉ ሲኦል የሚያደርግ ርዕስ ተሰጠው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ የአፋር ሰው አደጋ ሆኖ ይመጣል፣ አገልጋዩ ጭነት ሆኖ ይሄዳል፤ ሰው ሆኖ የሚታየው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ከዚያ ዊልፍሬድ ቴሲጀር መጣ። አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1933፣ በ23 ዓመቱ፣ የአዋሽ ወንዝ ወዴት እንደሚጠፋ ለማወቅ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። አብሮት የወጣው እንግሊዛዊ ታምሞ ተመለሰ። ቴሲጀር በአውሳ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ አገኘ፤ ወንዙ በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ አይቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 ታጁራ ደረሰ።

በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ ስም አለ፤ ኡመር። ኡመር የቴሲጀር ሰዎች አለቃ የሆነ ሶማሌ ነው። ሰው የሚቀጥረው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ ከየጎሣው ጋር የሚነጋገረው እሱ ነበር። ቴሲጀርም ውለታውን አልካደም፤ በመጽሐፎቹ ውስጥ ስሙን እየጠራ አመስግኖታል። በበኩላችን ለዚህ ቴሲጀርን እናከብረዋለን። ነገር ግን ይህም የፔኩዋን ነገር ይመስላል። አለቃው ኡመር ስም አገኘ፤ ከኡመር በታች ግመል የጎተቱት፣ እንጨት የለቀሙት፣ ሌሊት የጠበቁት አብዛኞቹ እንደ ሁለቱ የፔኩዋ አገልጋዮች በቁጥር ቀሩ።

እኛ ስለዚህ ስንጽፍ ነጭ ተጓዦችን ብቻ ልንከስ አይደለም። ለመሆኑ በእኛስ ዜና መዋዕል ውስጥ የንጉሡን ድንኳን የተከሉት፣ ለሠራዊቱ እንጀራ የጋገሩት፣ ጠጅ የጣሉት ሴቶች ስንቶቹ በስም ተጠርተዋል? «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን፤ ስሙ ከመቃብር በላይ የሚውለው ግን የማን እንደሆነ ስንጠይቅ አንሰማም።

የዛሬዎቹ ፔኩዋዎች

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባላሰለቸናችሁ። ነገሩ ግን በደጃችን ነው።

ከአዋሽ ተነሥቶ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ብቻ አይደለም። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከኦሮሚያ የሚነሡ ወጣቶች በዚሁ መስመር ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ይሻገራሉ። ብዙዎቹ ሴቶች የሚሄዱት የሰው ቤት ሠራተኛ ለመሆን ነው። ልዕልቲቱን ተከትላ ሳይሆን ብቻዋን የወጣች ደንገጡር ማለት ይህች ናት።

ፔኩዋ ዐረብ አገር ስትያዝ ልብሷ ባለጥልፍ ነበር። የዛሬዋ ልጅ ጥልፍ የላትም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ የመን ውስጥ ደላሎች ስደተኞችን በየግቢው አጉረው እያሠቃዩ ከቤተሰቦቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ እንደሚጠይቁ ዘርዝሯል። በአገር ቤት ያለች እናት ከብት ትሸጣለች፣ ዕቁብ ታወጣለች፣ ከዘመድ ትለምናለች። በልብ ወለዱ ወርቁን የከፈለው ልዑል ነው፤ በእኛ ዘመን የምትከፍለው የድሃ እናት ናት። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተጠርዘው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ደግሞ በጅቡቲ ጎዶሪያ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው፣ ያውም ከየመን ወደ አገራቸው ሲመለሱ። ዜናው ሲነገር ምን ተባለ? ቁጥር።

ሳትመለስ የቀረች እውነተኛ ፔኩዋም ታሪክ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1837 ፑክለር የሚባል የጀርመን ልዑል ካይሮ ላይ ከባሪያ ገበያ አንዲት የኦሮሞ ልጅ ገዛ። ማህቡባ አላት። ራሷ የምትጠራበት ስም ቢሊሌ ነበር። በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች አሳያት፤ እሷ ግን ታምማ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙስካው በምትባል የጀርመን ከተማ ሞተች። መቃብሯ እዚያው አለ። ለእሷ በአባ እንጦንስ ገዳም ደጅ ወርቅ ቆጥሮ የሚጠብቃት አልነበረም። ፔኩዋን ልብ ወለድ የሚያደርጋት መጥፋቷ አይደለም፤ መመለሷ ነው።

እስኪ ስለ ቃሎቻችንም እናስብ። ደንገጡር፣ ገረድ፣ አሽከር፣ ሎሌ፣ ሠራተኛ። «ገረድ» ዛሬ ስድብ ሆኗል፤ «የቤት ሠራተኛ» እንላለን። ቃሉን መለወጣችን ደግ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን በቤታችን የምትሠራዋን ልጅ የአባቷን ስም የምናውቀው? አገሯ የት ወረዳ እንደሆነ? ፊደል ቆጥራ እንደሆነ? የውጭውን ጌታ እንወቅሳለን፤ ከዐረብ አገር የሚመጣው ወሬ ያስለቅሰናል፤ በጓዳችን ያለችው ግን «ልጅቷ» ናት። ስሟም ሳይነሣ ትሄዳለች፣ ሌላ «ልጅቷ» ትተካለች።

ዳጉ

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ጥድፊያ የለም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ማን አገኘህ፣ የዝናቡ ነገር፣ የከብቱ ነገር፣ የታመመው፣ የሞተው። የዳጉ ቁም ነገሩ የሚጠየቀው ሰው ማንነት አለመመረጡ ነው። ግመል ነጂውም ያየው ነገር ዜና ነው። መንገደኛው ባለሥልጣን ስለሆነ አይደለም የሚሰማው፤ በመንገዱ ስላለፈ ነው።

ሎቦም፣ ኔስቢትም፣ ቴሲጀርም በዚህ አገር ሲያልፉ ከእነሱ ቀድሞ የሄደው ወሬያቸው በዳጉ ነው የተጓዘው። በዳጉ ዓይን ሲታይ የዚያ ጉዞ ታሪክ ጸሐፊ አንድ ብቻ አልነበረም። አብሮት የነበረ ሁሉ ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ያ ግን ወረቀት ላይ አልወረደም። ጆንሰንም በጥሩ ቀኑ ይህን የተረዳ ይመስለናል፤ ፔኩዋ ስትመለስ ልዕልቲቱና ልዑሉ ዝም ብለው ተቀምጠው ደንገጡሯ እንድትተርክላቸው አድርጓል። መኳንንት ዝም ብለው ደንገጡር ስታወራ የሚሰሙበት መጽሐፍ በዘመኑ ብዙ አልነበረም። ጉድለቱ ሁለቱን አገልጋዮች አለመጠየቁ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ሰመራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ አዋሽ ላይ የባቡሩን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንት አሉን፤ ሎጊያ ላይ ተሻግረው የተመለሱ እኅቶች አሉን። የነጋሢን ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም። መንገድ የመሩትን፣ ምግብ ያበሰሉትን፣ መኪና ላይ ረዳት ሆነው ያረጁትን፣ ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱትን ስምና ቃል የሚጽፍ ግን ያስፈልጋል። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲያጡ እናያለን፤ ርዕሱ በየሻይ ቤቱ ተቀምጧል። በስማቸው መጠራት የማይፈልጉ ካሉም ፈቃዳቸው ይከበር። ባርበርን ማንም አልጠየቀውም ብለን ወቅሰን እኛ ሳንጠይቅ ብንጽፍ ምን ልዩነት አለን?

ራሴላስን ያላነበባችሁ አንብቡት፤ አጭር ነው፣ አያደክምም። ስታነቡት ከልዑሉ ይልቅ ድንኳን ውስጥ የቀረችውን ሴት ተከተሏት። እሷን ስታገኙ ደግሞ ከጀርባዋ የቆሙትን ሁለቱን ፈልጉ። ስማቸው መጽሐፉ ውስጥ የለም። በየቤታችሁ፣ በየመንገዳችሁ ግን የእነሱ ዓይነት ሰዎች አሉ፤ እነዚህን ስማቸውን መጠየቅ ይቻላል።

ቸር ወሬ ያሰማን።